በየትኛው እንዶድ
(ጎንደር፣ አዲስ ዓለም)

ሩቅ አገር፣ ገበያ መሀል ቦምብ ፈነዳ አሉን፤
ከዐስር ሶላት ወዲያ ወረቀት ዞረልን፣
«ገዳዩ ከኛ አይደለም» — ፈርሙ ተባልን።

ሙዘይን ተነሣ፣ በባዶ እግሩ፣ ተቆጥቶ፦
«የጎረቤቴ ዘመድ ሲገድል ሸፍቶ፣
ጎረቤቴን ማን ጠየቀው?
እኛ ሸማኔ ነን፤ ያላፈሰስኩትን ደም
በየትኛው እንዶድ ላስለቅቀው?»

ሸህ ጦሃ ዝም አሉ። ባጃጅ አለፈች በደጅ።
«ለጠያቂ አይደለም፣ ልጄ፤ ለሟች እንጅ።
እነሱ አልጠየቁንም።»

እኔም በልቤ፦
ዝም ያለ መወርወሪያ ጋቢ አይጨርስም፤
በግድ የተሸመነ ግን ክረምት አይደርስም።

እስክርቢቶው ዞሮ ሙዘይን ጋ ደረሰ፤
«ገዳዩ ከኛ አይደለም» — ይህችን ደመሰሰ፣
«ሟቾቹ ከኛ ናቸው» ብሎ ጻፈ፣
ከሥሩ ስሙን፣ ከነአያቱ፤
ለኔ አሳለፈ።

ይዤዋለሁ።
የሱ እጅ ሙቀት አልለቀቀውም።