ባርኔጣ፣ ውሃ፣ ግማሽ ፀሐይ

አፉላ፣ ትምህርት ቤት በገባሁ በመጀመሪያው ቀን
ጸሐፊዋ ስሜን ጠይቃ ሳትጨርስ
«ሊዮር» ብላ ጻፈች፣ ብዕሯም ሳይመለስ።
አባቴ ከበሩ፣ ባርኔጣው በእጁ፣
«ልየው ነው፣ ልየው ነው» ይላል ስለ ልጁ።

ያኔ ነው የወጣው ከውስጠኛው ክፍል
ርዕሰ መምህሩ፣ የሸሚዙ ኪስ ቀለም የጠጣ፣
ከሮማንያ ምድር በልጅነት የመጣ፣
ማርሴል ሄርሽኮቪች፤ እኛ ሰፈር ግን ጋሽ ማርሴል።
«ምን ማለት ነው ስሙ?»
አስተርጓሚው፦ «ሦስት ልጅ ቀብሯል። ይኼን እንኳ
በሕይወት ቆይቼ ልየው ማለቱ ነው።»
ዝም አለ። እርሳስ አወጣ።
«እንግዲያው እኔም ልየው» አለ፤
ቁጭ አድርጎ ሳለኝ፦ ጆሮ ብቻ፣ ዓይን ብቻ፣
ሁለት ቁጥር የሚበልጠኝ ጫማ፤
ከሥሩም ስሜን፣ ሙሉውን።
መዝገቡ ግን እንደተዘጋ ቀረ፤
እስከ ዛሬ መታወቂያዬ ላይ ሊዮር ነኝ።

የመጀመሪያው ሽርሽር አመለጠን።
ወረቀቱ «ሰባት ሰዓት» ይላል፤ ጎረቤት አነበበልን፤
አባቴም በእኛ ሰባት፣ ፀሐይ አናት ስትበሳ፣
ታጥቤ፣ ቅባት ተቀብቼ፣ እጄን ይዞ አደረሰኝ።
የአውቶቡሱን ጭስ እንኳ አላገኘነውም።
ጋሽ ማርሴል አልሳቀም፤ እሱ፣ በሁሉ የሚስቀው ሰው።
ከዚያ ወዲህ ለእኛ ካራቫን ደብዳቤ በፊደል አልመጣም፦
ግማሽ ፀሐይ፣ ከጊቭዓት ሞሬ ጀርባ ብቅ ስትል፣
ባርኔጣ፣ የውሃ ጠርሙስ፣ አፉን የከፈተ አውቶቡስ፤
ለወላጅ ስብሰባ፣ ጨረቃና
ትንሽ ወንበር ላይ የተጣበቀ ትልቅ አባት፤
ለቅማል፣ ቅማል፦ መነጽር አድርጋ መጽሐፍ ስታነብ።
እናቴ ያችን ቅማል ግድግዳ ላይ ለጠፈቻት።
አባቴም፦ «ይህ ሰው ምን ዓይነት ነው?
ሳያናግረኝ ያናግረኛል።»

ዓርብ ዓርብ ለከተማው ጋዜጣ ይስል ነበር።
ከንቲባውን ፏፏቴ ሲመርቁ ሳላቸው፣
ውሃው ግን የሚወርደው ከእኛ ክፍል ጣሪያ።
ተጠራ። «አፍንጫዬን ለምን አስረዘምከው?»
«አፍንጫዎን አልነካሁም፣ ወረቀቱ ነው የጠበበው» አለ፣ ይባላል።
ጣሪያው ተጠገነ። ሥዕሉን ከንቲባው ገዙት ይላሉ፤ እሱን እንጃ።

አንዷ ግን አልታተመችም።
ጡረታ ወጥቶ ቤት ሲቀይር፣ ካርቶን ሳግዘው አየኋት፦
የትምህርት ቤቱ በር ላይ ትልቅ ወንፊት፤
ወላጆች ይነፋሉ፣ ነጩ ዱቄት ወደ ግቢ ይወርዳል፤
እኛ ከነቦርሳችን ከላይ ቀርተናል።
የወንፊቱን አንድ ጠርዝ የያዘው ሰው
መነጽር አለው፤ ኪሱ ቀለም ጠጥቷል።
«ለምን አልወጣችም?» አልኩት።
«ጋዜጣው እምቢ አለ» አለ፤
ካርቶኑን አስሮ፣ ፈትቶ፣ እንደገና አስሮ፦
«አልላክኋትም።»

በሐምሌ ሞተ።
ጥቁር ጠርዝ ያለው ማስታወቂያ አውቶቡስ ማቆሚያው ላይ ተለጠፈ፤
ፊደል ብቻ። አንድ መስመር ሥዕል የሌለበት።
አባቴ፣ ሠላሳ ዓመት ፊደሉ ያልከፈተለት፣
ፊት ለፊቱ ቆሞ «ይኼ ደግሞ የማን ነው?» አለኝ።
አፌ እምቢ አለ።
ከኪሴ ደረሰኝ አወጣሁ፤ የሥዕል እጅ የለኝም፣
መነጽር ሳልኩ፣ ኪስ፣ የፈሰሰ ቀለም፣
ከዚያ ፀሐይ፤ ግማሽ፤ ወደ መጊዶ ያዘነበለች።
አየው። ዞር አድርጎ፣ ወደ ብርሃን ይዞ አየው።
«ዛሬ ነው?»
ቤት ገብቶ ተመለሰ፣
ባርኔጣውን ደፍቶ፣ ውሃ በጠርሙስ ይዞ፤
አውቶቡሱ እንዳያመልጠን
ቀድሞኝ ወጣ።