የአራተኛ «ለ» ሌሊት

ሣጥኑ እዚህ አደረ፣ አራተኛ «ለ» ቤት፣
ሰሌዳው ላይ ቀርቷል የዓርብ ዕለቱ ስሌት፤
«ዐሥራ ሰባት ለሁለት፣ ስምንት…» ቀሪው ሳይጻፍለት።

«ቀበሌው ይከፈል? አይከፈል?» ተብሎ
ሐይቅ ሰልፍ ቆሞ ዋለ፣ ጥላውን አንጠልጥሎ።
ዋናው ምርጫ ገና ወር ቢቀረው እንኳ፣
«ጀልባ»ና «ዋርካ» ግን ተያይዘዋል ለካ።

የጀልባው ይመር ነው፣ የዋርካው ጌጡ፤
ከሣጥኑ ግራ ቀኝ ዓይን ለዓይን ተፋጡ።
የይመር እህት ናት የጌጡ ባለቤት፤
የላከችው ራት ባንድ ሰሃን መጥቶ
በጣት መስመር አስምረው ከመሃል ከፈሉት።

እኔ ዘበኛው ነኝ፣ ዱላ ይዤ በር ላይ፣
እነሱን ነው የምጠብቅ፤ ሣጥኑንማ ማን ያይ!

ድርግም ሲል መብራቱ፣ ከሌሊቱ ስድስት፣
አራት እጅ ዘለለ ሣጥኑ ላይ ባንድነት።
የአንዱ መዳፍ ላይ የሌላው ተጠጋ፤
ማንም ማንን ሳያምን፣ ተያይዘው ነጋ።

ጠዋት መምህርት ዘሃራ ማኅተሙን ቆረጠች፣
ወረቀቱን ባንድ ባንድ ከፍ አድርጋ ቆጠረች።
አንዲት ብቻ ቀረች፣
ምልክት የሌላት፣ በእስክሪብቶ የደመቀ፦
«ሐይቁ ደጃችን ነው፤ ቧንቧው ለምን ደረቀ?»

ይመር፣ «ወደኛ ያደላል!» ጌጡ፣ «ሞኝህን ፈልግ!»
ዘሃራ ወደ መስኮቱ ዞረች፣ ብርሃን ስትፈልግ።
«ዋጋ የላትም» አለች። ልክ ናት፤ ሕጉም ያንኑ ይላል።
በሁለቱም ፊት መዝግባ ለብቻ አኖረቻት፤
ከዚህ ወዲያ ማን ይዳኛል?

የማን እጅ ጽሑፍ ነው ብሎ የጠየቀኝ የለም።
ሁሉም ሲሄዱ፣ ወለሉን ጠርጌ፣
ማክሰኞ ልጆቹ ሳይገቡ፣ ጠመኔ ፈልጌ፣
«ቀሪ አንድ» ብዬ ጻፍሁ፣ ከሰሌዳው ግርጌ።