አንድ እፍ

ጉራ የሚነፋ መች ጠፍቶ ካራዳ፣
እኔ ግን ቱቦ ነው የምነፋው በማለዳ፤
ከዶሮ ማነቂያ፣ ከፈረሰው ሰፈር፣
አንድ ሜትር ተኩል አሉሚኒየም ይዤ በሁለት ከንፈር።
ባሩድ የለውም፣ ቃታ የለውም፤
ጎረቤት ቢኖር እንኳ ድምፁን አይሰማውም።
ጫፉ ላይ መርፌ፣ ጭራው ላይ ቀይ ሱፍ፣
መሐሉ መድኃኒት፣ ከኋላው አንድ እፍ።

ሰርተፍኬቴ ላይ፣ አሠልጣኝ ተብላ፣
የዶክተር ሰብለወንጌል ስም አለ፤ እሷ ግን ያገኘችኝ በኋላ።
እኔማ የተማርኩት ሰባተኛ «ለ» ነው፣ የኋላ ወንበር፣
የቢክ አንጀቷ ወጥቶ ቀፎዋ ሲቀር።
የደብተር ጥግ ቀድደን፣ አኝከን፣ አድቦልቡለን፣
ወደ ሰሌዳው በዞረ ጀርባ ላይ እንለቅ ነበር አነጣጥረን።
ምራቅ የዋጠ ወረቀት፣ ምራቅ ባልዋጠ ልጅ።

መምህር ልሳነወርቅን፣ የጂኦግራፊውን፣
አንድ ቀን ማጅራታቸውን አገኘሁት።
ጠመኔው ቆመ።
አልዞሩም።
«ቦርኒዮ የምትባል ደሴት አለች» አሉ፣ ፊታቸው ወደ ሰሌዳው እንዳለ፣
«እዚያ አንድ አዳኝ ዛፍ ሥር ቆሟል፣ ግማሽ ቀን ዝም ያለ።
ቱቦው ከብርቱ እንጨት የተቦረቦረ፣ ከቁመቱ የረዘመ፣
ፍላጻው የዘንባባ ጅማት፣ ጫፉ በዛፍ ወተት የታመመ።
ጦጣዋ ሳትደነግጥ፣ ሳትጮኽ፣ ክንዷ ይዝላል፤
የዚያን ማታ የአዳኙ ልጅ ይበላል።
እሱ ለዚህ ይነፋል።
እናንተስ?»
ጠመኔው ቀጠለ።

ስድስት ኪሎ፣ ጥርሱን ያመመው አንበሳ፣
በእኔ ትንፋሽ ነው የተኛው፣ ኩርፊያው ቆርቆሮ የሚያነሳ።
(ይቺ እንኳ ጉራ ናት። አራዳ ተወልጄ ምን ላድርግ።)

የዛሬው ግን ውሻ ነው። ስሙ ምናገባህ።
እትዬ አልጣሽ ናቸው ያወጡለት፣ ከጎረቤት ተጣልተው፣
በጠሩት ቁጥር ነገሩ እንዲደርስ አጥሩን ተሻግሮ፣ ዘልቆ ከሰው።
አሁን ጎረቤት የለ፣ አጥርም የለ፤
እሳቸው በጭነት መኪና ሄዱ፣ ፍራሻቸው ላይ ተቀምጠው፤
እሱ አልሄድም አለ።
የቀረው በሩ ብቻ ነው፣ ሰማያዊ ላሜራ፣
ሜዳ ነው በቀኝ፣ ሜዳ ነው በግራ፤
ውሻው ግን በበሩ ለሚመጣ ይጮኻል፣
በጎን ለሚያልፍ ዝም ይላል።

«ሰው መርዝ ሳያበላው አምጣልኝ፣ ልጄ» አሉኝ በስልክ፤
ከዚያ ቆይተው፣ «አራተኛ ፎቅ ነን። ደረጃ ይችል ይሆን?»

በበሩ በኩል መጣሁ፣ እንደ እንግዳ። ጮኸብኝ።
«ምናገባህ!» ብዬ ስጠራው ሳቄ መጣብኝ፤
የመጀመሪያው መርፌ ሳተ።
ለሁለተኛው ሆዴን ሞላሁ፣ ምላሴን ሸሸግሁ፣
እፍ።
ታፋው ላይ ቀይ ሱፍ በቀለ። ዞሮ አየው፣ አሸተተው፣
ዝንብ ሳይመስለው አልቀረም፤ ተወው።
ዐሥር እርምጃ ሄደ። ከዚያ በሩ ደፍ ላይ፣
ፊቱን ወደ መንገዱ እንዳደረገ፣
ጉልበቱ ከዳው።

መዳፌን ጎኑ ላይ አድርጌ ትንፋሹን ቆጠርኩ፤
ዐሥራ አራት በደቂቃ። የእኔ ሠላሳ።
ክትባቱን ወጋሁት፤ ዐይኑን በጨርቅ ሸፈንኩት።
መምህር፣ እኔ ለዚህ ነው የምነፋው፤
ስሕተት ካለው በቀይ ያርሙልኝ።

ልጆች ከፍርስራሹ ወጥተው ከበቡኝ።
«አንዴ ልንፋው?» አለ አንዱ፣ የፊት ጥርሱ የወለቀ።
ምን አገባህ ልለው ነበር፤ ስሙ ተይዟል።
ውሻውን በብርድ ልብስ ጠቅልዬ ተሸከምኩ፤
ከሲሚንቶ ከረጢት ይከብዳል፣ ይሞቃል።
ልጁ ከወደቀው ግድግዳ ውስጥ
የመብራት ሽቦ ቱቦ ሲመዝ ባይኔ ጥግ አየሁ፤
ወረቀት ሲያኝክም ሰማሁ።

ከዚያ ማጅራቴ ላይ አንድ ነገር፣
እርጥብ፣ ቀዝቃዛ፣ ትንሽ።
እግሬ ቆመ።
አልዞርኩም።