የማይነበብ ጣት

ዚያዳ አባ ፊጣ፣ ተራዋ ደረሰ፤
የሰኔ ዝናብ ነው ቆርቆሮውን ያመሰ።
ከጅሬን ቁልቁለት በሌሊት ወረደች፣
የላስቲክ ጫማዋን በእጇ እንዳንጠለጠለች፤
እግር ይታጠባል፣
ጫማ ግን ይገዛል።

«ጣትሽን አስቀምጪ» አለ ልጁ ሳያያት፤
መሣሪያው አረንጓዴ ዓይኑን አበራላት።
አውራ ጣቷን ጫነች።
ጮኸ መሣሪያው፤ ቀይ።
«በቀሚስሽ ጥረጊው፤ እርጥብ ይሆናል፣ እንይ።»
ጠረገች። ጫነች። ቀይ።
«ሌላውን እንሞክር።»
ዐሥር ምስክር ጠርታ አንዱም ሳይመሰክር፣
«እናቴ፣ አይነበብም፤
አሻራ የለሽም።»

የለኝም?

በሰባት ዓመቷ ከጎማ ኮረብታ
ቀይ ቡና ስትለቅም ከጎሕ እስከ ማታ፣
ኋላም እጥበት ጣቢያ፣ ከገንዳው ውሃ ዳር፣
ጣቷ ሲሸበሸብ፣ ቆዳው ሲሰነጠር፣
ኋላም ከመጋዘን፣ ከሲሚንቶው ወለል፣
ጥቁሩን ከጤናው፣ ስባሪውን ከሙሉው ስትነጥል፣
በኪሎ ሒሳብ፣
ሚዛኑም አጋድሎ ወደ ባለ ሚዛን ሲሳብ፣
ኋላም የሰው ልብስ፣ ሳሙና፣ በረኪና፣
የሆቴል አንሶላ፤ ነጣ፣ እንደገና
ቆሸሸ፣ ነጣ፣
መስመሯ ከጣቷ አንድ በአንድ እየወጣ።

ማን ልብ ይለዋል? ቆዳ ሲያልቅ አይጮኽም፤
እሷም እስከ ዛሬ ጣቷን አይታ አታውቅም።
ከኋላ የተሰለፉ ሴቶች ዝም ብለው
ጣታቸውን አዩ፣ ወደ ብርሃን ዘርግተው።

ባሏ በሞተ ሳምንት፣ አፈሩ ሳይደርቅ ገና፣
ዋርሳዋ አጠረው ያንን ጥማድ ቡና።
«የወንድሜ መሬት፣ ደብተሩም በስሙ፤
አንቺ ማነሽ?» አላት፤ ጎረቤቶች ሰሙ።
ማን እንደሆነች
ወረቀት ልታመጣ ነው ዛሬ የመጣች።

ልጁ ክፉ አይደለም፤ ወደ ጆሮዋ ቀርቦ
«ቫዝሊን ቀቢው» አላት፣ ድምፁን አለዝቦ፤
«አንድ ሳምንት ሙሉ እጅሽ ሥራ ይፍታ፤
ይመለሳል መስመሩ። ሐሙስ ነይ፣ ወደ ማታ።»

ሳቀች።
ሰልፉ ሁሉ ዞሮ እስኪያያት ሳቀች፤
አንድ ሳምንት ሙሉ!
ደጁ ላይ ጎንበስ ብላ ጫማዋን አወለቀች።

ስትወጣ አዳልጧት ግድግዳውን ያዘች፤
ከነጩ ቀለም ላይ
ጭቃ የነካው መዳፏን አትማ፣ ዝናቡ ውስጥ ገባች።
አምስት ጣት፣ ግልጥ ብሎ፣ ከሩቅ የሚታይ።

ዘበኛው
ጨርቅ አርጥቦ መጣ።