ከዜሮ መቁጠር

ጌንት ውስጥ፥ ከቦዩ ዳር ባለ የመስታወት ቤተ መጻሕፍት
አራት ዓመት ወልውያለሁ፥ ባልዲ ጭኜ በሊፍት።
ዜሮ የሚል ቁልፍ አለው፥ ወደ ምድር የሚያወርድ፤
በክርኔ ጫን አድርጌ ነው ወደ ሥራዬ የምነጉድ።
ለምን አንድ አልሆነም ብዬ ማንን ልጠይቅ? ወለል ወለል ነው፤
ዜሮም ሆነ አራት፥ የረገጠው ጫማ ነው የሚያቆሽሸው።

ዘንድሮ፥ ማክሰኞ ማታ፥ ጓንቴን አውልቄ ገባሁ፤
ስጠርገው ከኖርሁት ወንበር ላይ ተማሪ ሆኜ አረፍሁ።

«ተለዋዋጭ» አለች ቬርሌ፥ መምህራችን፥ «ማለት ዕቃ ነው፤
ስሙ ከላይ ይለጠፋል፥ ውስጡ ግን እንደ ልብሽ ነው።»
ይህንንስ ማን ያስተምረኛል! የበርበሬ ማስቀመጫዬ
«የሕፃናት ወተት» ይላል ቆርቆሮው፥ እስከ ዛሬ።
እኔስ ብሆን? እዚህ አገር አለቃዬ ሲጣራ
«ወይዘሮ ይግለጡ!» ይላል፤ «አቤት» እላለሁ በአባቴ ተራ።

ከዚያ ሰባትና ሰባት ደምሪ ተባልሁ፤ ደመርሁ።
ሰባ ሰባት! አለኝ ማሽኑ። ዓይኔን አሸሁ፤ እንደገና ሞከርሁ።
ያስሚና ከጎኔ ሳቀች፦ «በትምህርተ ጥቅስ አጥረሻቸው፥
ጽሑፍ ሆኑ እንጂ ቁጥር አይደሉም፤ ጎን ለጎን ነው አቋቋማቸው።»
እንዲህ ያለውን ድምር አውቃለሁ፤ ከባሌ ጋር ዘጠኝ ዓመት
ጎን ለጎን ቆመን ነበርና፥ ሳንደመር፥ በአንድ ቤት።

«እውነት ወይም ሐሰት» ሲባል ግን ክርክር ገጠምሁ፤
«‹እንጃ›ስ የት ይገባል? ‹ይሁና›ስ?» ብዬ ጠየቅሁ።
ቬርሌ ትከሻዋን ሰበቀች። ማሽን እንጃ አያውቅም።
ደግሞ «ከሆነ» ከፊት ይቆማል፥ እንደኛ ነገር አይዘጋም፤
ገና ምኑም ሳይነገር «ከሆነ» ብሎ መጀመር
ለግራ እግር የቀኝ ጫማ እንደ ማሠር።

በስድስተኛው ሳምንት ነው፥ የልደት ቀን ስናስገባ።
እኔ ጳጉሜን ስድስት ነኝ፥ በዘመነ ሉቃስ፥ መስከረም ሊጠባ።
ወር ሲለኝ አሥራ ሦስት አልሁት፤ በቀይ ጻፈ፦ ስህተት።
መታወቂያዬም እንዲሁ ነው፤ የመጣሁ ሰሞን፥ በዚያ መስኮት
ጃንዋሪ አንድ ሞላልኝ ጸሐፊው፤ እኔም እሺ ብዬ ፈርሜ
አሥራ ሰባት ዓመት ሻማ አጠፋሁ፥ ባልተወለድሁበት ቀን ቆሜ።

ያን ማታ ዝርዝር ተማርን። «ከዜሮ ነው የሚጀምር።»
ከዜሮ? በግዕዙ ዜሮ የለ፤ ከ፩ ነው የኛ መቁጠር።
ብቻ ጻፍሁ። መስከረም፥ ዜሮ። ጥቅምት፥ አንድ። ኅዳር። ታኅሣሥ።
እያልሁ፥ እያልሁ፥ ነሐሴ አሥራ አንድ ላይ እስኪደርስ።
«እስቲ አሥራ ሁለትን አምጣ» አልሁት።

ጳጉሜን፥

አለ ስክሪኑ፥ በፊደል፥ ጥርት አድርጎ።
ከአሥራ ሁለት አላለፍሁም። ደንቡን አልጣስሁም ፈልጎ
ላጣው ሁሉ። ወሬ ግን ገባ።

ያስሚናን ጎሰም አደረግኋት፤ አየች፥ ማንበብ አልቻለችም።
«ምን ይላል?» አለች። «እኔን» አልኋት። ከዚያ በላይ አልጠየቀችም።

ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ላይ ሊፍቱ ውስጥ ብቻዬን ገባሁ፤
ዜሮን፥ በክርኔ ሳይሆን፥ በጣቴ ቀስ ብዬ ነካሁ።