መዝጊያዋ ድንጋይ

ዛፍ ሽቅብ መውጣቱን ትቶ ከቆመበት፣
ከፒሬኔ ትከሻ፣ ሦስት ሰዓት ዳገት፣
ሳማ አገኘን በቅሎ፣ ድቅድቅ አረንጓዴ፣
ሳላየው ለበለበኝ ከጣት እስከ ክንዴ።

«እዚህ ነው» አለች ኔውስ፣ ጓዟን አውርዳ፣
(ስሟ ባገሯ በረዶ ነው፤ ፍለጋዋ ግን አመድ ከሰው ጓዳ)፣
«በጎቹ ከሄዱ ሁለት መቶ ዓመት ቢሆንም
ሳማ የበጠጡን ውለታ አይረሳም።»

ካብ ነበር ከሥሩ፤ ግማሹ የፈረሰ፣
ግማሹ ተንሸራቶ ከጅረት የደረሰ።
አንዲት ክብ ጎጆ፣ ጣሪያዋም ድንጋይ ነው፣
ቀና ብሎ መግባት በሷ ዘንድ ነውር ነው፤
ከጎኗ ጉረኖ፣ ረጅም እንደ አንጀት፣
ስፋቱ የአንዲት በግ ልክ፣ ጣት ሳይጨመርበት።

እኔ የሜትሩን ጫፍ ይዣለሁ። እሷ ትጽፋለች፦
ቁጥር አሥራ አራት። የድንጋይ አጥር። አገልግሎቱ አይታወቅም።
ከምድጃው ሥር አንድ የአጥንት ቁልፍ፣
አረንጓዴ የተቀባ የገንቦ አፍ፣
ከሰልም፣ ጥፍር የምታክል፤
በብር ወረቀት ጠቀለለቻት፣ ሕፃን እንደሚታዘል።

ከሰዓት በኋላ ሽማግሌው ሲስኬት መጣ፣
ሰማንያ አራት ዓመቱን በበትር እየገፋ ወጣ።
ጉድጓዱን አየ። ቁልፏን አየ። ቃል አልተናገረ።
ከጉረኖው አፍ ካለች ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ አረፈ።
እጆቹ፣ እሱ ሳያዛቸው፣ ወደ ታች ሄዱ፤
ጠበቅ፣ ላላ፤ ጠበቅ፣ ላላ፤
ባዶ አየር ያልቡ ጀመር፣ እንደ ለመዱ።

«አንድ ባንድ ነው የሚያልፉት፤ ለዚያ ነው መጥበቡ፣
ሳትታለብ የምታመልጥ የለችም፤ ይኸው ነው ጥበቡ።
እናቴ እዚህ፣ እኔ ከኋላ ሆኜ ስነዳ።
ሁለት መቶ ዓመት አልሽ? እኔንስ ስንት ትይኛለሽ?»

ኔውስ «አይታወቅም» የሚለውን ሰረዘች።

ከሰሏን አሳየችው። አገላበጣት፣ አሸተታት።
«ይቺስ የኔ እንዳትሆን። በአሥራ አምስት ዓመቴ
ዝናብ ይዞኝ፣ የአጎቴን በርጩማ ሰብሬ
አንድጃለሁ እዚሁ። ድንች ነበር የጠበስኩት።»
ማንም አልሳቀም። ከዚያ ሁላችንም ሳቅን፣ ከኔውስ በቀር።

ሊሄድ ሲነሣ፣ ከደጃፉ የወደቀች ድንጋይ፣
በሥዕላችን «ፍርስራሽ» የተባለችውን፣
አንከባሎ አንከባሎ በጉረኖው አፍ አቆማት።
እንደ ጥርስ ገባች።
ኔውስ እጇን ዘረጋች ልትከለክለው፤
የተለካ ነገር አይነካም፣ ሕጉ ነው።
ዘገየች። ወይም የዘገየች መሰለች።

«ማታ ካልተዘጋ» አለ፣ መዳፉን በሱሪው እየጠረገ፣ «ይወጣሉ።»
ቁልቁል ሄደ። እነማን እንደሚወጡ የጠየቀው የለም።

ጉም መጣብን። ዕቃ ሰበሰብን።
በወረቀታችን ላይ ያ ጉረኖ
እስከ ዛሬ ክፍት ነው።
እላይ፣ ከሳማው መሀል፣
ዝግ።