ቁጥሩ ዜሮ አራት ዘጠኝ ዘጠኝ

ከመስጊዱ ጀርባ፣ ሄርማታ፣ ቆርቆሮ የከደናት፣
ጽሑፍና ኮፒ ቤቴ ጠባብ ናት።
ሐምሌ ነው፤ አዌቱ ሞልቶ ቀይ ጭቃ ይገፋል፤
ማሽኑ እርጥብ ወረቀት አኝኮ ይተፋል።
ራዚያ አባፎጊ ጃንጥላዋን ደጅ አራግፋ
ገባች፤ ከፌስታል ፖስታ አወጣች፣ ማኅተሙ የኡፋ።

«አባቴ አረፈ» አለች፣ «ከረመዳን ማግስት።
መልኮ ችግኝ ሲቆጥር ሠላሳ ሁለት ዓመት
የኖረው ሰውዬ፣ በጎረምሳነቱ፣ በረዶ አገር
አምስት ዓመት ተምሮ ነበር።
መሞቱን የምነግራት አንዲት ሴት አለች፤
መልስ ባትሰጥም፣ በሕይወት ካለች።»

ስሟ ዮንዶዝ፤ በባሽኪር ቋንቋ ኮከብ ማለት ነው።
የሚጽፉት በሩሲያ ፊደል ነው፤ ግን ለአፋቸው ጠበባቸው፣
እና ልብስ ሰፊ ጫፉን እንደሚያስረዝም
አንዳንዱ ላይ ጨመሩበት።
የስሟ መጨረሻ ዝ ከእግሯ ስር ጭራ አላት፤
ሊንጠባጠብ ደርሶ የረጋ ቀለም ትመስላለች።

መታሁ። አምስቱ ፊደል ተሰልፎ መጣ፤
ስድስተኛው ባዶ ሳጥን ሆኖ ወጣ።

Йондо□

በር የለው፣ መስኮት የለው።
«ይሄ ደግሞ የማን መቃብር ነው?» አለች።

«ጭራውን እንተወው» አልኳት፤ «ተራውን ዝ ላስገባ።
ያው ነው። ማን ያስተውለዋል?»

ራሷን ነቀነቀች።
«ልጅ ሆኜ ስሟን ከፖስታው ላይ ገለበጥኩ፣
ጭራዋን ረስቼ። አባቴ እርሳሱን ቀማኝ፤
‹ይቺን ሴት አላውቃትም› አለኝ።
ከዚያ ምላሱን በጥርሶቹ መሃል አድርጎ አሰማኝ፣
የቁርኣን ተማሪ ‹ዛል› ሲል እንደሚያደርገው፤
ዝ ሊሆን ሄዶ መንገድ ላይ ነፋስ ያገኘው ድምፅ።
እናቴ ጓዳ ነበረች። ሳቀች።
ወይም ሳል ይሆናል፣ እስከ ዛሬ አላወቅሁም።»

ኮፒውን የሚጠብቅ ተማሪ ነበር፣ ሌንጂሳ የሚሉት፣
ከግድግዳው ተላቆ መጣ፦
«ፊደሉማ አለ። የዓለም ፊደል ሁሉ
እንደ ቀበሌ ቤት ቁጥር ተሰጥቶታል።
ያንተ ኮምፒውተር ቁጥሩን ያውቃል፤
መልኩን የሳለለት ነው የጠፋው።»
ከፍላሹ ሌላ ፎንት ጫነ። «በል ምታ፦
ዜሮ። አራት። ዘጠኝ። ዘጠኝ።
አልትን ይዘህ፣ ኤክስ።»

አራቱ ቁጥሮች እልም አሉ፤ በቦታቸው

Йондоҙ

ጭራዋን ይዛ።

ስክሪኑን በጣቷ ነካች።
(ሌላ ሰው ቢሆን እቆጣ ነበር።)
ምላሷን በጥርሶቿ መሃል አድርጋ አንዴ፣ በቀስታ፣ አለችው፤
ዝናቡ ቆርቆሮውን ስለሚደበድብ
እኔ ያየሁት አፏን ብቻ ነው።
ሒሳቡ አሥራ አምስት ብር። ሃያ ሰጠችኝ፤
መልሷን ሳትቀበል ፖስታውን ጉያዋ ከትታ ወጣች።

መሸ። መብራት ሄዶ መጣ።
ያንን «ያው ነው» ያልኩትን ቃል የት እንደሰማሁት አሰብኩ።
ቀበሌ ነው። የመጀመሪያ መታወቂያዬን ሳወጣ
ታይፑ ላይ ዸ አልነበረችም፣ ጭራ ያላት ደ፤
ጸሐፊው ቀና ሳይል «ያው ነው» ብሎ
አባቴን ዱፌራ አደረገው።
ከዚያ የትምህርት ማስረጃዬ፣ የንግድ ፈቃዴ፣
የልጆቼ የክትባት ካርድ፣ ሁሉም ዱፌራ፤
እኔም በእነዚህ ጣቶቼ፣ ስንት ጊዜ፣ ዱፌራ።
ሰውዬው እስኪሞት ድረስ አልተከራከረም፤
መጻፍ አይችልም ነበር፤ ሲጠሩት ግን
በትክክል ካልጠሩት አይዞርም።

ሌንጂሳ የተወልኝን የቁጥር ዝርዝር ገለጥኩ።
አሥራ ሁለት። ኤፍ። ዘጠኝ።
አልት። ኤክስ።

ዹፌራ

በኦሮምኛ «መጥቷል» ማለት ነው።

አላተምኩትም።
በሩን ቆልፌ ስወጣ ኮምፒውተሩን ማጥፋት ረሳሁ፤
ረሳሁ ልበል።